የሚጣል ያልነበረበት ቤት

ስለ አንድ አገር ያለፈ ኑሮ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ዓይኑን አስቀድሞ የሚያሳርፈው በቤተ መንግሥቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በጦር ሜዳው ላይ ነው። ወደ ጓሮ ዞሮ የአመድ መድፊያውን፣ የከብቱን በረትና የጠላውን ጋን የሚመለከት ጸሐፊ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በምዕራብ ጎጃም፣ ማለትም ከደጋ ዳሞት ከተማ ከፈረስ ቤት አንሥቶ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ በሚወርደው አገር፣ የገበሬው ቤት እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ለማወቅ ለሚሻ ሰው ከጓሮው የተሻለ መዝገብ አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከቤቱ የተረፈው ነገር ሁሉ ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ፣ በማን እጅ ያልፍ እንደ ነበረና ያ እጅ በምላሹ ምን እንዳገኘ መመርመር ነው።

ጉዳዩ በዘመናችን በዓለም ላይ አዲስ ስም ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፖል ፓልመር የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በካሊፎርኒያ ከፋብሪካዎች የሚጣለውን ኬሚካል እየሰበሰበ ለሌላ ሥራ የሚያውል ድርጅት አቋቁሞ «ዜሮ ቆሻሻ» የሚለውን ሐረግ የድርጅቱ መጠሪያ አድርጎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በጃፓን ሺኮኩ ደሴት የምትገኘው ካሚካትሱ የተባለች ትንሽ የገጠር ከተማ ቆሻሻን ከማቃጠልና ከመቅበር ለመላቀቅ በይፋ ቃል ገባች፤ ነዋሪዎቿም ከጊዜ በኋላ ከቤታቸው የሚወጣውን ነገር በ45 ዓይነት እየለዩ እስከ ማስረከብ ደረሱ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ባሳለፈው ውሳኔ ማርች 30 ቀን በየዓመቱ የዜሮ ቆሻሻ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ አድርጓል። ለካሚካትሱ ሰዎች የሚገባቸውን አክብሮት ሳንነፍግ፣ ነገርን እየለዩ ለየሥራው የማደላደሉ ጥበብ በእኛም አገር ጥንታዊ መሆኑን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የገዛ ቋንቋችንን መመልከት ይበቃል።

አማርኛ ከከብት በረት ለሚወጣው ነገር ያለው የስም ብዛት የውጭውን ሰው ያስገርማል። ላሟ የጣለችው ትኩሱ እበት ነው። ተጠፍጥፎ በፀሐይ ሲደርቅ ኩበት ይባላል። በበረቱ ውስጥ ከሽንትና ከጉዝጓዙ ጋር የተረጋገጠው አዛባ ነው። የፈረሱ፣ የበቅሎውና የአህያው ፋንድያ፤ የፍየሉና የበጉ በጠጥ፤ የዶሮው ኩስ ነው። ይህ ሁሉ ተከምሮ ሲብላላና አፈር አፈር ሲሸት ፍግ ይሆናል። ስሞቹ ለቋንቋ ጌጥ የወጡ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ስም ሥራ አለውና ነው። እበት በውሃ ተበጥብጦ የቤቱ ወለል ይለቀለቅበታል፤ እህሉ ከአፈር እንዳይቀላቀል አውድማው ይለቀለቅበታል፤ የጎተራው ግድግዳ ይመረግበታል። ኩበት በምድጃ ይነድዳል። አዛባው እየተዛቀ ወደ ጓሮ ይወጣና ለጎመኑ፣ ለጌሾውና ለድንቹ መደብ ይሆናል። ፈረስ ቤት ስሟ ራሱ እንደሚነግረን ፈረስ የሚከበርባት አገር ናትና ፋንድያውም ከዚሁ ክምር ይደባለቃል። ከቤቱ አጠገብ ያለው የጓሮ መሬት ከሩቁ እርሻ ይልቅ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ የሚታየው መሬቱ ሲፈጠር እንዲያ ስለ ነበረ ሳይሆን፣ የብዙ ትውልድ አመድና አዛባ ስለ ተጠራቀመበት ነው።

ወደ ማጀት ስንገባ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል። ጠላ ሲጠመቅ የመጀመሪያው ወፍራሙ ለእንግዳና ለበዓል ይቀርባል፤ በድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ቅራሪ ለልጆችና ለእረኞች ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በጋኑ ሥር የቀረው አተላ ለከብትና ለአህያ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የገባው ገብስ ሦስት ጊዜ ያጠጣል ማለት ነው። የተረፈ እንጀራ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ሆኖ ለመንገደኛና ለዘማች ስንቅ ይቀመጣል። ቅቤ ከወጣለት ወተት አሬራው ይጠጣል፤ አሬራው ተግሞ አይቡ ሲወጣ አጓቱም ሥራ አያጣም። ከወንፊት የቀረው ግርድ ለዶሮ፣ የጤፉ ጭድ ለከብት መኖና ለግድግዳ ጭቃ፣ የበቆሎው አገዳ ወደ ቡሬ በሚወስደው ወይና ደጋ ለአጥርና ለማገዶ ይውላል። ከአጨዳ በኋላ በማሳው ላይ የወደቀችው ዛላ እንኳ ቃርሚያ የሚል ስም አላት፤ ባለቤትም አላት፤ እርሷም ድሃ ናት።

ይህ የትርፍራፊ ኑሮ ከሆድ አልፎ ለጎጃም ታላቅ ኪነ ጥበብ መሠረት መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ አናስታውስም። በዋሸራና በሌሎቹ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የተሰበሰበው ተማሪ ደመወዝ አልነበረውም፤ መጋቢም አልተመደበለትም። የበግ ቆዳ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ውሻ እየጮኸበት ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ሲዞር የሚያገኘው ቁራሽ ነበር፤ ይኸውም ከሌላው ሰው ገበታ የተረፈ። ያን ቁራሽ አድርቆ እየቆጠበ ሌሊቱን ቅኔ ሲቆጥር ያድራል። ከፍኖተ ሰላም ብዙ በማትርቀው በማንኩሳ የጀመረውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ የበዛብህን የተማሪነት ዘመን ያስታውሳልና በዚህ ላይ ብዙ መዘርዘር አያሻም። ከዚህ አገር የወጡት ሊቃውንት የበሉት እንጀራ በአብዛኛው ትርፍ እንጀራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጽሐፉም ቢሆን እንዲሁ ነው። ፍየሉ ወይም በጉ ታርዶ ሥጋው ከተበላ በኋላ ቆዳው ይነከራል፤ በመወጠሪያ ላይ ተገትሮ ጠጉሩና ሥጋው ይፋቃል፤ በድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል፤ ብራና ይሆናል። በፋቂው ምላጭ የተበሳው ቀዳዳ ብራናውን አያስጥለውም፤ በጅማት ይሰፋና ጸሐፊው በዙሪያው መስመሩን እያጠፈ ይጽፋል። በጥንት መጻሕፍት ላይ እነዚህን ጠባሳዎች የተመለከተ አንባቢ አንድ ቆዳ ምን ያህል የተከበረ ነገር እንደ ነበረ ይገነዘባል። ለመጽሐፍ የማይበቃው ቅጥያ ደግሞ ለክታብ ይሆናል። ጥቁሩ ቀለም ከምጣድና ከድስት ሥር የተፋቀ ጥላሸት ነው፤ ከተቆላና ካረረ እህል ጋር ተደባልቆ፣ ለወራት እየታሸና እየተብላላ ከሰነበተ በኋላ ብዕር ይነካዋል። ብዕሩም ከወንዝ ዳር የተቆረጠ መቃ ነው። እንግዲህ የሰው ልጅ እጅግ አክብሮ የሚያስቀምጠው ዕቃ፣ ማለትም መጽሐፍ፣ በዚህ አገር የተሠራው ከበዓል እርድ ከቀረ ቆዳና ከማጀት ጥቀርሻ ነበር።

መብራቱንም እንጨምርበት። ጠጅ ለመጣል ማሩ ሲበጠበጥ ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ይለቀማል፤ ቀልጦ ሲጣራ ሰም ይሆናል፤ በጥጥ ፈትል ላይ ተጠቅልሎ ጧፍ ይሆናል። የመኳንንቱ ጠጅ ዝቃጭ ለቅዳሴውና ለንባቡ ብርሃን ሆነ ማለት ነው። አንጥረኛው ጌጡን ሲሠራ የሚቀርጸውና ወርቁ ሲፈስስ ቀልጦ የሚወጣውም ይኸው ሰም ነው፤ የቅኔ ሊቃውንትም ለረቂቁ የአነጋገር ስልታቸው «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ከዚሁ ከአንጥረኛው ቤት ተውሰዋል። በሙዚቃውም በኩል ቢሆን የማሲንቆው አውታር ከፈረስ ጭራ፣ የበገናው አሥር አውታር ከበግ አንጀት፣ የከበሮው ገጽ ከቆዳ ነው። በቡሬና በባሶ በኩል ዓባይን እየተሻገረ ይነግድ የነበረው ሲራራ ነጋዴም ዕቃውን የሚያሽገው እንዲሁ ነበር፤ ቡናውን በስልቻ፣ እጅግ ውድ የነበረውን ዝባድ ደግሞ በበሬ ቀንድ ከትቶ እስከ ምጽዋ ያደርሰው ነበር። ስልቻው ሲያረጅ ጠፍር ይወጣዋል፤ ቀንዱ ባዶ ሲሆን ዋንጫ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ የማይመች ጥያቄ ማንሣት ይገባናል። የቀድሞውን ኑሮ በዚህ መልክ ሲተረክ የሚሰማ ሰው «ምን ያለ ብልህ ሕዝብ ነበር» ብሎ ረክቶ ሊሄድ ይችላል። ብልህነቱ እውነት ነው። ግን ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማን ነበር? አዛባውን የሚዝቁት፣ ኩበቱን የሚጠፈጥፉት፣ አመዱን የሚያፍሱት ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ፤ በባላባቱ ቤት ደግሞ ገረዶችና ባሮች። ቆዳውን የሚያለፋው ፋቂ፣ ብረቱን የሚቀጠቅጠው ቀጥቃጭ፣ አፈሩን ጋንና ምጣድ የምታደርገው ሸክላ ሠሪ በአብዛኛው ርስት የሌላቸው፣ ከሌላው ሕዝብ ጋር የማይጋቡ፣ «ቡዳ» እየተባሉ የሚሸሹ ነበሩ። በሽታ በገባ ጊዜ የሚጠረጠሩት እነርሱ ነበሩ። ጥበባቸው ይፈለጋል፤ ገበታቸው ግን አይቀረብም።

በተለይ አንዱ ነገር ሊጤን ይገባዋል። ቆዳን ለሚፍቅ ሰው ቋንቋችን ያለው ግሥ አንድ ነው፤ ፋቀ ይላል። በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ ተቀምጦ የፍየል ቆዳ የሚፍቀው ሰው ብራና ፋቂ ተብሎ ይከበራል፤ ሥራው ከጽድቅ ይቆጠራል። ከመንደሩ ዳር ተቀምጦ ያንኑ የፍየል ቆዳ ለስልቻና ለአቅማዳ የሚፍቀው ሰው ደግሞ «ፋቂ» ይባላል፤ ይህም ስድብ ነው። ቆዳው አንድ፣ ምላጩ አንድ፣ ሽታውም አንድ ነው። ልዩነቱ ከሥራው ሳይሆን ሥራው ለማን እንደሚውል ከሚያየው ዓይን የመጣ መሆኑን ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብ ከልክለው ተሳዳቢው በእስራት እንዲቀጣ ማዘዛቸው ነገሩ በመንግሥት ዘንድ እንኳ የታወቀ ችግር እንደ ነበረ ያሳያል። ይሁንና አዋጁ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የዳሞትን ደጋ እስኪወጣ ድረስ ጉልበቱን ሳይጨርስ አልቀረም። አማርኛ ደግ አድርጎ ምስጋና ያጣን ሰው «እጁ አመድ አፋሽ ነው» ይለዋል። አባባሉን የፈጠረው ሰው አመድ የሚያፍስ እጅ ምን እንደሚያገኝ በዓይኑ ያየ መሆን አለበት።

ሌላም ጉድለት ነበረበት። እንጨት እየመነመነ በሄደበት ደጋ ላይ ኩበቱ ከመሬቱ ይልቅ ወደ ምድጃው መሄድ ግድ ሆነበት። ኩበት ሲነድ ለሰብሉ ዋነኛ ምግብ የሆነው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ በአመዱ የሚቀረው ሌላው ማዕድን ነው። አመዱም ቢሆን የሚደፋው በደጅ ስለ ሆነ ጓሮው ሲወፍር የሩቁ ማሳ ከዓመት ወደ ዓመት ይሳሳል። በዳገቱ ላይ የሚዘንበው ክረምት ደግሞ ያን የሳሳውን አፈር ይዞ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን በኋላ ቀስ በቀስ በየገጠሩ ሲስፋፋ ማገዶውን አቀለለ፤ ኩበቱን ግን ከምድጃ ፈጽሞ አላስወጣውም። ስለዚህ «ምንም አይባክንም» ያልነው ቤት ከሁሉ የሚበልጠውን ሀብቱን፣ አፈሩን፣ ሳይታወቀው ያባክን ነበር።

የውጭ ዕቃ በብዛት የገባው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ በጎጃም የመኪና መንገድ ተዘረጋ፤ ምሽግ ተሠራ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ ከኋላው የቀረው ብረትና ቆርቆሮ ጥቂት አልነበረም። የባለ እጁ ቤት ይህን እንግዳ ነገር እንዴት እንዳስተናገደው ቃላቱ ይመሰክራሉ። ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ላሜራ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የመኪናው ባሌስትራ በቀጥቃጩ መዶሻ ሥር ቢላዋና ማረሻ ሆነ። ጎማው ተቆርጦ ብዙ ክረምት የሚችል በረባሶ ሆነ። ላሜራው ምድጃና ባልዲ ሆነ፤ የዘይቱ ጣሳ የገበያ መስፈሪያ ሆኖ እህሉ በጣሳ ይሸጥ ጀመር። ከጦርነት የተረፈ የመድፍ ቀለህ በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ተሰቅሎ ደወል እስከ መሆን ደርሷል። ባለ እጆቹ ለማያውቁት ዕቃ ብዙ ሳይቆዩ ሥራ አገኙለት፤ ምክንያቱም ብረት ከብረት ጋር፣ ጎማም ከቆዳ ጋር ይመሳሰላልና የነበረው ጥበብ በቂ ነበር። የዚህ ምዕራፍ ጀግኖች እነዚያው የተናቁት ቀጥቃጮች መሆናቸው አይዘንጋ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ግን የተለየ ነው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በእርሻ ሚኒስቴር አነስተኛ የእርሻ ማስፋፊያ ፕሮግራም አማካይነት የፋብሪካ ማዳበሪያ በየወረዳው ይከፋፈል ጀመር። ምርት እንዲጨምር ያደረገ ነገር ነውና በጭፍን ልናወግዘው አይገባም። ነገር ግን የቃሉን ጉዞ እንከተል። ማዳበሪያ ማለት ጥንት መሬትን የሚያደልብ ሁሉ ነበር። ቀጥሎ ከመርከብ የሚራገፈው ነጭና ግራጫ ጠጠር ብቻ ማዳበሪያ ተባለ። በመጨረሻም ቃሉ ከመሬቱ ፈጽሞ ተለይቶ ለከረጢቱ ሆነ፤ ዛሬ በፍኖተ ሰላም ገበያ «ማዳበሪያ ስጠኝ» የሚል ሰው የሚፈልገው እህል የሚከትበትን የላስቲክ ጆንያ ነው። ያ ጆንያ ስልቻን ከገበያ አስወጣ፤ ስልቻ ሲወጣ የቆዳ አልፊው ገቢ አብሮ ወጣ። ወደ ቀድሞው ፍግ የመመለሱ ሙከራም ቢሆን በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው፤ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በ1988 ዓ.ም. በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት የብስባሽ ሥራ በደንብ የተብላላ ፍግ ሰብልን ምን ያህል እንደሚያሳድግ በማሳው ላይ አሳይቷል።

ስለ ላስቲክ ስንናገርም ፍርዳችን ሚዛን ሊኖረው ይገባል። ጄሪካን መጥቶ እንስራን ሲተካ የሴቲቱ ወገብ አረፈ። ከባዱን ሸክላ ተሸክማ ዳገት ትወጣ የነበረች እናት ስለ ጥንቱ እንስራ ውበት የሚጻፍ ድርሰት ብታነብ ትስቅ ይሆናል፤ መሳቋም ተገቢ ነው። ሆኖም ከጄሪካኑ ጋር ሌላ ዘመድ መጣ፤ እርሱም ስሱ የገበያ ከረጢት፣ ፌስታል ነው። ፌስታል ከእበት፣ ከአተላና ከባሌስትራ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ የሚቀጥለው ሥራ የለውም። ቀጥቃጩ አይቀጠቅጠውም፤ ከብቱ አይፈጨውም፤ አፈሩ አይቀበለውም። ከብት የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ከሣር ጋር ሲውጥ በሆዱ ውስጥ ይጠቀለላል፤ እየቆየም ይገድለዋል። ገበሬው ምክንያቱን የሚያውቀው በሬው ታርዶ ሆዱ ሲከፈት ነው።

የገጠሩን ታሪክ እዚህ ላይ ትተን ወደ ዋናው ከተማ መሄዳችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የፈለሰው ሰው ምንም የማይጥለውን እጁንም ይዞ ነው የገባው። በመርካቶ ምን አለሽ ተራ የተቀመጠው ባለ እጅ በርሚሉን ምድጃ፣ ጣሳውን ኩባያ፣ የተጣመመውን ሚስማር ቀጥ ያለ ሚስማር ሲያደርግ በቡሬ መንገድ ዳር የነበረውን ሥራ ነው በትልቁ የሚሠራው። በየሰፈሩ ጆንያ አንግቦ የሚዞረው ቆራሌውም ስሙን ያገኘው «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪው ነው ይባላል። ልዋጭ እያለ አሮጌ ልብስ በሳህንና በኩባያ የሚለውጠውም የዚሁ ማኅበር አባል ነው። ከተማው በየቀኑ ከሚያወጣው ጥራጊ ብረቱን፣ ጠርሙሱንና ላስቲኩን ለይተው ወደ ሥራ የሚመልሱት ከማዘጋጃ ቤት መኪና ቀድመው እነዚህ ሰዎች ናቸው። የሚያገኙት ክብርም ከጥንቱ ፋቂ ብዙ የተለየ አይደለም። በብዙ ግቢ ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚነሣው ስም የቆራሌው ነው።

ከእነርሱ የተረፈው ወደ ረጲ ይሄድ ነበር። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የከተማው ጥራጊ በአንድ ስፍራ ሲከመር ኖረ፤ ስፍራውም «ቆሼ» ተባለ። በመንደሩ በኩል የጭቃና የላስቲክ ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ ከክምሩ ላይ ብረትና ላስቲክ እየለቀሙ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ብዙ ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ በቤቶቹ ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱትም የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሪቱም ለሦስት ቀን የሐዘን ቀን አወጀች። የሞቱት ከተማው የጣለውን ሲለዩ፣ ሲያጥቡና ወደ ገበያ ሲመልሱ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። የተቀበሩትም በዚያው ሥራ ሥር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ በዚያው በረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ጣቢያው በዕቅድ ደረጃ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታሰበ ነበር። ክምርን መቀነስ ደግ ነው። የማቃጠሉ ነገር ግን ሊታሰብበት ይገባል፤ ወረቀትና ላስቲክ ለእቶኑ ጥሩ ማገዶ የመሆናቸውን ያህል ለቃሚው ከክምሩ የሚያወጣው እንጀራም እነርሱው ናቸውና። ከኩሽናችን የሚወጣው እርጥብ ጥራጊ ደግሞ በውሃ የተሞላ ስለ ሆነ ለእቶን የሚመች አይደለም፤ የሚገባውም ወደ ፍግ ጉድጓድ ነው። የፈረስ ቤት ባልቴት ይህን ለማወቅ መሐንዲስ አላስፈለጋትም፤ ደረቁን ወደ ምድጃ፣ እርጥቡን ወደ ጓሮ መለየት ከእናቷ የተማረችው የመጀመሪያ ትምህርት ነበረ።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የላስቲክ ከረጢቶች እንዳይሠሩና እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። ከረጢቶቹ ግን ከዚያ በኋላም በየገበያው ሞልተው ታዩ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጸደቀ። ክልከላው በየገበያው ሥር የሚሰድ ከሆነ ገበያተኛው እህሉንና በርበሬውን የሚይዝበት ሌላ ዕቃ ይፈልጋል፤ ዘንቢል የሚሰፋ፣ ቆዳ የሚያለፋ፣ ሰሌን የሚታታ እጅ ይፈለጋል። በዚያን ጊዜ ያ ባለ እጅ ይገኛል ወይስ የአያቱን ስድብ ሽሽት ሙያውን ጥሎ ሄዷል የሚለው ጥያቄ በአዋጅ የሚመለስ አይመስለኝም።

ቋንቋው በበኩሉ አሁንም ሥራውን አላቆመም። ባዶውን የውሃ ጠርሙስ ሕዝቡ በመጀመሪያ ባየው የውሃ ስም «ሃይላንድ» ብሎ ጠርቶታል፤ ሃይላንድ በየገጠሩ ገበያ ዘይት ይሸጥበታል፤ አረቄ ይቀዳበታል፤ እረኛው ውሃ ይዞበት ከብቱን ይከተላል። የማዳበሪያው ጆንያ ሲያረጅ ተተርትሮ ገመድ ይሆናል፤ የተቀደደው ጄሪካን አፉ ተቆርጦ መቅጃ ይሆናል። ፌስታል ግን አንድ ጊዜ ከተቀደደ በኋላ፣ በአጥሩ እሾህ ላይ ተሰቅሎ ነፋስ ሲያንቀጠቅጠው እንኳ፣ በፈረስ ቤትም ሆነ በቡሬ ሌላ ስም አልወጣለትም።